የዝማሬ ቤት ያሠራ ንጉሥ፦ የአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ሕይወት በዜማ በኩል ሲታይ

መግቢያ

በጎንደር ከተማ በፋሲል ግቢ ሰሜናዊ ክፍል ጣራው የፈረሰ፣ ግድግዳው ግን የቆመ ረጅም የድንጋይ አዳራሽ አለ። በግቢው ውስጥ ያሉት ሌሎች ሕንፃዎች የነገሥታት መኖሪያ፣ የመጻሕፍት ማኖሪያ፣ የግብር መብያ ወይም የፈረስ ማደሪያ ሆነው ሲጠሩ፣ ይህ አዳራሽ የሚታወቀው የዝማሬ ቤት ተብሎ ነው። ያሠራውም አድባር ሰገድ በሚል የመንግሥት ስም ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ከ1716 እስከ 1721) የነገሠው አፄ ዳዊት ሣልሳዊ ነው። ዘመኑ አምስት ዓመት ብቻ ነበር። በወጣትነቱ ነገሠ፤ በወጣትነቱም በመርዝ ሞተ።

አፄ ዳዊት በታሪክ የሚታወሰው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው ዝማሬንና ዘፈንን የሚወድ ንጉሥ መሆኑና ለዚሁ የሚሆን አዳራሽ ማሠራቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሃይማኖት ክርክር ምክንያት የደብረ ሊባኖስን ወገን መነኮሳት ማስፈጀቱ ነው። ሁለቱ ታሪኮች ብዙ ጊዜ ተለያይተው ይተረካሉ። የመጀመሪያው በኪነ ሕንፃና በቱሪዝም ጽሑፎች፣ ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምዕራፎች ውስጥ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን አገናኝቶ ማሳየት ነው። መነሻ ሐሳቡም በጎንደር ዘመን ዜማ የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ የሥልጣን ቋንቋ ነበር የሚል ነው። ማን በየትኛው አደባባይ ድምፁን ያሰማል የሚለው ጥያቄ ማን ይገዛል ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ አይታይም ነበር።

አጭር ዘመን የኖሩ ነገሥታትን ሕይወት በሙዚቃ በኩል መመርመር በሌላው ዓለምም የተለመደ ነው። የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ ሚስት የነበረችው አን ቦሊን በንግሥትነት የቆየችው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ሲሆን፣ በ1536 እ.ኤ.አ. አንገቷ ተቀልቶ ሞተች። በለንደን በሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ የሚገኝ፣ ስሟ የተጻፈበት የዜማ መጽሐፍ ግን ተመራማሪዎች ከፍርድ ቤት ክስና ከጠላቶቿ ወሬ ውጭ ሌላ ሕይወት እንዲያዩ በር ከፍቷል። የአፄ ዳዊት ምስክር መጽሐፍ ሳይሆን ሕንፃ ነው። የአባቱ የታላቁ ኢያሱና የወንድሙ የአፄ በካፋ ዘመናት ሰፋፊ ዜና መዋዕሎች ሲኖሯቸው፣ የዳዊት ዘመን በአብዛኛው በአጭር ዜና መዋዕሎች ተጨምቆ ቀርቧል። ስለዚህ የዘመኑን የድምፅ ሥርዓት፣ ማለትም ነጋሪቱን፣ ዝማሬውንና የአዝማሪውን ዘፈን መመልከት የአጭሩን ዘመን ትርጉም ለመረዳት ይረዳል።

ጎርጎራ፦ ከዳዊት በፊት የነበረው ድምፅ

የታሪኩ መነሻ ጎንደር አይደለም፤ ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ የምትገኘው ጎርጎራ ናት። ከ1607 እስከ 1632 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ሱስንዮስ በደምቢያ ምድር፣ በጎርጎራና በአካባቢዋ መናገሻ አድርጎ ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ የሆነው ፔድሮ ፓኤዝም በዚያው ሠርቶ በ1622 እ.ኤ.አ. በጎርጎራ ሞቷል። ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ለማድረግ በሞከረበት ጊዜ የተነሣው ደም መፋሰስ የታወቀ ነው። በ1624 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1632) የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ ሲነገር ሕዝቡ ደስታውን የገለጠው በዘፈን ነበር። የእረኛና የመንጋ፣ የአውሬና የበግ ምሳሌ የያዘው የዚያ ዘመን የድል ዘፈን በሚስዮናውያኑ ጽሑፎች ሳይቀር ተመዝግቦ ቀርቷል።

ይህ ክስተት ለዚህ ጥናት ሁለት ነገሮችን ያሳያል። በመጀመሪያ፣ በደምቢያና በጣና ዳርቻ ሕዝብ ዘንድ የሃይማኖት ክርክር ፍጻሜ የሚያገኘው በጉባኤ ውሳኔ ብቻ አልነበረም። ድሉ የሚጸናው በአደባባይ ሲዘመር ነበር። ሁለተኛ፣ የድል ዘፈን አሸናፊውን ከማወደሱ ባሻገር ተሸናፊውን ያዋርዳል። ተሸናፊው ሚስዮናዊ ሲሆን ውርደቱን ተቀብሎ ከአገር ይወጣል፤ ተሸናፊው ንጉሥ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከዘጠና ዓመት በኋላ በዳዊት ዘመን የሆነው ይኸው ነው።

አፄ ፋሲል መናገሻውን ወደ ጎንደር ካዛወረ በኋላም የሐይቁ ዳርቻ ከቤተ መንግሥቱ አልራቀም። በጎርጎራ ያለችው ጥንታዊቷ ደብረ ሲና ማርያምና በጣና ደሴቶች ያሉት ገዳማት የነገሥታቱ መማጸኛና መቀበሪያ ሆነው ቆዩ። ከጎርጎራ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የሚያልፍባት አዘዞም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ መቀመጫ ሆነች። በዚህ መሠረት በአንዱ መንገድ ጫፍ ቤተ መንግሥቱ፣ በመካከሉ እጨጌው፣ በሌላው ጫፍ የሐይቁ ገዳማት ተሰለፉ። የዳዊት ሕይወትም በእነዚህ ቦታዎች መካከል የተፈጸመ ነው።

የአባቱ ሞት

ዳዊት የታላቁ ኢያሱ፣ የአድያም ሰገድ፣ ልጅ ነው። ኢያሱ ከ1674 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1682) ጀምሮ የነገሠ፣ በዘመቻውም በሃይማኖት ጉባኤዎቹም የታወቀ ንጉሥ ነበር። በ1694 እ.ኤ.አ. የተባረከችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ የእርሱ ሥራ ናት። በእርሱ ዘመን ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ሆና ጸናች። ልጆቹ ያደጉት ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ድምፃቸውን በሚያሰሙባት፣ በአንድ ወገን የነጋሪትና የእምቢልታ፣ በሌላው ወገን የከበሮና የጸናጽል ድምፅ በሚሰማባት ከተማ ነው።

በ1705 እ.ኤ.አ. የሚወዳት ቅድስተ ክርስቶስ ስትሞትበት ኢያሱ በኀዘን ተመትቶ ወደ ጣና ደሴት ወረደ። እርሱ በደሴት ሳለ በ1698 ዓ.ም. መኳንንቱ ልጁን ተክለ ሃይማኖትን አነገሡ። ቀጥሎም በ1699 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ1706) ታላቁ ኢያሱ በዚያው በጣና ላይ ተገደለ፤ አስከሬኑም በምጽራሐ ደሴት ተቀበረ። ሕዝቡ ንጉሡን እንደ ሰማዕት አለቀሰለት።

የኢያሱ ሞት የጎንደርን መንግሥት የሚያናውጥ የደም ሰንሰለት ጀመረ። ተክለ ሃይማኖት ሁለት ዓመት ያህል እንደ ነገሠ በ1708 እ.ኤ.አ. ለአደን ወጥቶ ሳለ የአባቱ ወዳጆች በሆኑ ሰዎች ተወግቶ ሞተ። ቀጥሎ የነገሠው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ገዳዮቹንም የኢያሱን ገዳዮችም በሞት ቀጣ። በ1711 እ.ኤ.አ. ቴዎፍሎስ ሲሞት ዙፋኑን የያዘው ዮስጦስ ከነገሥታቱ የወንድ ሐረግ ያልተወለደ ሰው ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ከኢያሱ በኋላ ሦስት ነገሥታት ተፈራረቁ። ዳዊት ይህን ሁሉ የሚሰማው ከሩቅ ነበር።

ወህኒ አምባ

ከፋሲል ዘመን ጀምሮ ለዙፋን የሚታጩ የንጉሥ ልጆች የሚጠበቁት ከጎንደር በስተደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው በወህኒ አምባ ነበር። ዛሬ በአማርኛ እስር ቤትን ወህኒ ቤት የምንለው ከዚሁ ስም ተነሥተን ነው። በአምባው ላይ ያለ መስፍን ጦር አይመራም፤ ግብር አያበላም፤ አደባባይ አይቀመጥም። ለመንግሥት የሚያስፈልገው ሥራ ሁሉ ተከልክሎበት የሚቀርለት ጸሎት፣ ንባብና ዜማ ነው።

ለዚህም ቀደም ያለ ምሳሌ አለ። ከወህኒ በፊት የንጉሥ ልጆች ይጠበቁበት የነበረው አምባ ግሸን ሲሆን፣ ከ1494 እስከ 1508 እ.ኤ.አ. የነገሠው አፄ ናዖድ የመልክአ ማርያም ደራሲ ሆኖ ይታወሳል። የንጉሥ ልጅነትና የድርሰት ጸጋ በአንድ ሰው መገናኘታቸው በአገሪቱ ባህል እንግዳ ነገር አልነበረም። የማንኛውም ተማሪ ትምህርት ከፊደል ቀጥሎ የሚያርፈው በመዝሙረ ዳዊት ላይ ነው። መጽሐፉን ሰው ሁሉ ባጭሩ ዳዊት ብሎ ይጠራዋል፤ ዳዊት መድገም ማለትም መጸለይ ነው። በገናም የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ተብሎ በመኳንንትና በሊቃውንት ቤት ይከበራል። ስለዚህ የኢያሱ ልጅ የተሸከመው ስም ንግሥናንና መዝሙርን ባንድነት የያዘ ነበር። አዝማሪና መዘምር የሚወደድበትን ቤተ መንግሥት ያቋቋመው ሰው ከአምባ የወረደ፣ ስሙም ዳዊት የሆነ ወጣት መሆኑ በዚህ ዓይን ሲታይ አያስደንቅም።

የነጋሪት ድምፅ

በ1708 ዓ.ም. ዮስጦስ በጠና ታመመ። ወታደሮቹ የኢያሱን ልጅ እንጂ ሌላ አንሻም ብለው ዳዊትን ከወህኒ አወረዱት፤ ነገሠም። በዚያ ዘመን ሥርዓት የንጉሥ ለውጥ የሚታወቀው በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ነበር። ነጋሪት ካልተጎሰመ አዋጅ አይጸናም። የአንዱ ንጉሥ ሞትና የሌላው መንገሥ ባንድ አዋጅ፣ ባንድ ትንፋሽ ይነገራል፤ ይህም ዙፋኑ ለአፍታም ቢሆን ባዶ እንዳይመስል ነው። የሹማምንት ማዕረግም በሚጎሰምላቸው ነጋሪት ቁጥር ይለካ ነበር። መለከትና እምቢልታ የሚነፋለት፣ ነጋሪት የሚጎሰምለት ሰው ሥልጣኑ ሳይታይ ይሰማል።

አዲሱ ንጉሥ ገና እንደ ነገሠ አንድ ከባድ ጉዳይ ቀረበለት። በዮስጦስ ዘመን በስውር ወደ ጎንደር የገቡ ሦስት የፍራንሲስካን ሚስዮናውያን፣ ሊቤራቶ ቫይስ፣ ሳሙኤለ ማርዞራቲና ሚኬለ ፒዮ ፋዞሊ፣ ለፍርድ ቀረቡ። በመጋቢት 1716 እ.ኤ.አ. በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ዮስጦስ ያስጠጋቸውን የውጭ ሰዎች አሳልፎ መስጠት ለዳዊት የመንግሥቱን ሃይማኖት ማሳያ፣ የኢያሱ ወራሽነቱንም ማጽኛ ነበር። ነገር ግን ፍርዱ አንድ አደገኛ ትምህርት ትቶ አለፈ። የጎንደር አደባባይ በሃይማኖት ጉዳይ ሲነሣ ኃይሉ ምን ያህል እንደ ሆነ ንጉሡም ካህናቱም አዩ።

የድንጋይ ቤትና የመምህራን ቤት

ዳዊት ያሠራው አዳራሽ መንፈሳዊም ዓለማዊም ሥርዓት የሚከናወንበት ነበር። በዚያን ጊዜ ከተማዋ የምታውቃቸው ሁለት የዜማ ዓለሞች ነበሩ፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሕግ ነበራቸው።

የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደ ደረሰው የሚታመነው ይህ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል። መጻሕፍቱም ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ትውፊቱ ይናገራል። ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ ቅዳሴ በሰለልኩላ፣ ቅኔ በጎጃምና በዋድላ ሲመሰከር፣ በመቋሚያ፣ በከበሮና በጸናጽል የሚፈጸመው አቋቋም ስሙን ያጸናው በጎንደር ነው። መዘምራኑ በቀኝና በግራ ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር የወረደ ነው። ተማሪው ዓመታት ፈጅቶ በቃሉ ይይዘዋል፤ ከታወቀ መምህር ሳይመሰከርለትም መሪጌታ አይባልም።

ሁለተኛው የአዝማሪ ዓለም ነው። አዝማሪው በማሲንቆው ጌታውን ያወድሳል፤ በሰምና ወርቅ ግን ሊነቅፈው ይችላል። መኳንንቱ ያለ እርሱ ግብር አያበሉም፤ ካህናቱ ግን በበጎ ዓይን አያዩትም። ኑሮው በጌታ መልካም ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው። ከዳዊት ሞት ግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ በጎንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በአገሪቱ ስድስት ዓይነት የሙዚቃ መሣሪያዎች ማየቱን ጽፏል፤ እነርሱም ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ አታሞ፣ ጸናጽልና ክራር መሰል መሣሪያ ናቸው። ዝርዝሩ የጦሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የግብር አዳራሹን መሣሪያዎች ባንድ ላይ የያዘ ነው። በከተማይቱ ኑሮ ውስጥም እንዲሁ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር።

እዚህ ላይ ቤት የሚለውን ቃል መመርመር ያሻል። በሊቃውንቱ አነጋገር የዜማ ቤት፣ የቅኔ ቤት፣ የመጻሕፍት ቤት ሲባል ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ማለት አይደለም። ከመምህር ወደ ተማሪ የሚወርድ የትምህርት ሐረግ ነው። መምህሩ በዛፍ ሥር ቢያስተምርም ቤቱ ቤት ነው፤ መምህሩ ሲሰደድም ቤቱ አብሮት ይሰደዳል። በሃይማኖት ክርክሩም ተፋላሚዎቹ በዚሁ ቃል ይጠሩ ነበር፤ አንዱ የደብረ ሊባኖስ ወይም የተክለ ሃይማኖት ቤት፣ ሌላው የኤዎስጣቴዎስ ቤት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ዳዊት የድንጋይ ቤት ሠራ። አዳራሹ በግቢው አጥር ውስጥ ነው፤ በሩ የሚከፈተውም በንጉሡ ፈቃድ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴና በከተማዋ አድባራት ዝማሬውን የሚመሩት ካህናት ናቸው፤ ንጉሡም ከመጣ እንደ ምእመን ቆሞ ይሰማል። በግቢው አዳራሽ ውስጥ ግን ዘማሪውም አዝማሪውም የሚቆሙት በንጉሡ ፊት ነው። ስለዚህ ሕንፃው የአንድ ሙዚቃ ወዳድ ወጣት የደስታ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ነገሥታት በተፈራረቁበት፣ እውነተኛው ሥልጣን በጦር አለቆችና በገዳማት እጅ በነበረበት ዘመን ንጉሡ ቢያንስ የከተማዋን ድምፅ ወደ ራሱ አጥር ለማስገባት ያደረገው ጥረት ነው። ድንጋዩ ታዘዘ፤ አዝማሪውም መጣ። የመምህራኑ ቤት ግን በግንብ የሚከበብ አልነበረም።

ዝማሬ ወንጀል የሆነበት ጊዜ

ከሱስንዮስ ሞት በኋላ ኦርቶዶክሳውያኑ ራሳቸው በምሥጢረ ሥጋዌ ትምህርት ለሁለት ተከፈሉ። የክርክሩ ማዕከል የክርስቶስ ቅብዓት ትርጉም ነበር። በጎጃም የጸናው የኤዎስጣቴዎስ ወገን ለቅብዓቱ የሰጠውን ትርጉም የደብረ ሊባኖስ ወገን አይቀበለውም፤ ከተዋሕዶ ጋር አይስማማም ብሎም ይከራከረው ነበር። ታላቁ ኢያሱ ጉባኤ እየጠራ ሁለቱን ሲያከራክር የደብረ ሊባኖስን ወገን አጽንቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ የመጡት ነገሥታት ዘመናቸው አጭር፣ ዙፋናቸውም ያልጸና ስለ ነበር ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ማዘንበል ግድ ሆነባቸው፤ ጎጃምን ማጣት ጦር ማጣት ነበርና።

ዳዊት ያዘነበለው ወደ ኤዎስጣቴዎስ ወገን ነው። በዘመኑ መጨረሻ ጉባኤ ተጠራ፤ የንጉሡም አዋጅ ለዚሁ ወገን አደላ። የደብረ ሊባኖስ ሰዎች ግን ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ ቃል ለእነርሱ እንደ ሆነ ቈጥረው ደስታቸውን በአደባባይ አሰሙ። ንጉሡ በነጋሪት ያሳወጀውን መነኮሳቱ በደስታ ድምፅ ሻሩት። በቤተ መንግሥቱ በኩል ይህ እንደ ስድብ ተቈጠረ። ብሩስም ታሪኩን ሲጽፍ ነገሩን ካህናት በንጉሥ ላይ የፈጸሙት ድፍረት አድርጎ ነው ያቀረበው።

የዳዊት መልስ አስፈሪ ነበር። ከክርስትና ውጭ ከነበሩ ክፍሎች የተመለመሉ የኦሮሞ ወታደሮችን በመነኮሳቱ ላይ ላከ፤ ብዙዎችም ተገደሉ። የወታደሮቹ ምርጫ በአጋጣሚ የሆነ አይመስልም። ቆብና መስቀል ሲያይ እጁ የማይታጠፍ፣ ዝማሬ ሲሰማ ባርኔጣውን የማያወልቅ ጦር ያስፈልግ ነበር። የንጉሡ የራሱ ካህናትና የደምቢያ ባላባት ወታደሮች ያንን ትእዛዝ ለመፈጸም ልባቸው እንደማይቆርጥ ቤተ መንግሥቱ ሳይገነዘብ አልቀረም።

የዝማሬ ቤት ያሠራ ንጉሥ ድምፃቸውን ያሰሙ መነኮሳትን ማስገደሉ በመጀመሪያ እይታ እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ከላይ በተዘረዘረው የድምፅ ሥርዓት ሲመዘን ግን ሁለቱም ሥራዎች ከአንድ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። ንጉሡ ዜማን የወደደው በአጥሩ ውስጥ፣ በፊቱ ቆሞ ሲዜም ነው። የመነኮሳቱ ደስታ የተሰማው ከአጥሩ ውጭ፣ ንጉሡ ባላዘዘው ቃልና ባልመረጠው ጊዜ ነው። ይህን ድፍረት በቀላሉ ማለፍ የሚችለው ዙፋኑ የጸና ንጉሥ ነው። ታላቁ ኢያሱ ተቃዋሚዎቹን ከጉባኤ አስቀምጦ እስከ መጨረሻው ሊያዳምጥ የቻለው ከኋላው የረጅም ዘመን ሥልጣን ስለ ነበረው ነው። ልጁ ያን ሥልጣን አላገኘም፤ የአባቱን መጨረሻ ግን ያውቅ ነበር።

ይህ ትንታኔ ድርጊቱን የሚያቀል አይደለም። በእምነታቸው ምክንያት የሞቱት መነኮሳት ደም በንጉሡ ፖለቲካ አይመዘንም። ትንታኔው የሚያሳየው የዝማሬ ፍቅር ብቻውን ንጉሥን ርኅሩኅ እንደማያደርግ፣ ኪነ ጥበብን የሚደግፍ መንግሥት ሁሉ ነጻ ድምፅን ይደግፋል ማለትም እንዳልሆነ ነው።

የንጉሡ ሞትና ከዚያ በኋላ

በ1713 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1721) ዳዊት በመርዝ ሞተ። መርዝ በመብልና በመጠጥ የሚገባ የቤት ውስጥ መሣሪያ ነው፤ አጥርና ግንብ አያግደውም። ከአደባባዩ ድምፅ ራሱን ሊከልል ግንብ ያጠረው ንጉሥ ሞቱ የመጣው በጸጥታ ከግቢው ውስጥ ነበር። ከወህኒ የወረደው ሌላው የኢያሱ ልጅ በካፋ በፋንታው ነገሠ፤ በዘጠኝ ዓመት ዘመኑም ለመኳንንቱ የማይጨበጥ፣ ተጠራጣሪና ብርቱ ንጉሥ ሆነ። የወንድሙና የአባቱ ሞት ያስተማረው ይመስላል።

የዳዊት አዋጅ የሃይማኖቱን ክርክር አልዘጋውም። ክርክሩ በዘመነ መሳፍንት ሁሉ ቀጥሎ ከዳዊት ሞት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቷል። የደብረ ሊባኖስ ቤትም በዚያ ቀን አልጠፋም፤ እጨጌዎቹ በጎንደር ያላቸውን ክብር እንደ ያዙ ቆዩ። የአቋቋሙ ትምህርትም ከመምህር ወደ ተማሪ እየወረደ እስከ ዛሬ ደርሷል። የፈረሰው የንጉሡ የድንጋይ ቤት ነው። የአዳራሹ ጣራ ጠፍቶ ግድግዳው ሲቀር፣ ግድግዳ ያልነበረው የዜማ ቤት በጎንደር አድባራት አሁንም ይሰማል።

ማጠቃለያ

የአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ሕይወት በጦር ሜዳ ድል ወይም በግዛት መስፋት የሚለካ አይደለም። በአባቱ ልቅሶ ተጀምሮ፣ በወህኒ አምባ መዝሙር አልፎ፣ በነጋሪት አዋጅ ወደ ዙፋን ወጥቶ፣ በዝማሬ ቤት ከፍ ብሎ፣ በመነኮሳቱ ደስታና ሞት የጠቆረ የአጭር ዘመን ታሪክ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ጥያቄው አንድ ነው፤ ድምፅ የማን ነው የሚል። በ1624 ዓ.ም. የደምቢያ ሕዝብ ድምፅ የራሱ መሆኑን በድል ዘፈኑ አሳየ። ዳዊት ድምፅን የቤተ መንግሥት ንብረት ለማድረግ ሞከረ፤ አልተሳካለትም።

ይህ ንባብ ለቅርስ አያያዝም የሚሰጠው ጥቅም አለ። ፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በግቢው ለሚገቡ ጎብኚዎች የዝማሬ ቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው የአንድ ሙዚቃ ወዳድ ንጉሥ መዝናኛ ሆኖ ነው። ገለጻው እውነት ቢሆንም ጎደሎ ነው። አዳራሹ ከጎርጎራ ደብረ ሲና፣ ከጣና ደሴቶች መቃብር፣ ከአዘዞ እጨጌና ከጎንደር አቋቋም ቤቶች ጋር ተያይዞ ሲተረክ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል። ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። ከጎርጎራ በጠዋት የተነሣ መንገደኛ በአዘዞ አልፎ ፋሲል ግቢ ሲደርስ፣ ያቋረጠው በአንድ ወጣት ንጉሥ ዘመን መዘመር ሕይወትም ሞትም ያስከትል የነበረበትን ምድር ነው። በአዳራሹ በር ላይ የሚቆም ገላጭ ስለ ዘማሪዎቹ በተናገረ ቁጥር፣ ከአጥሩ ውጭ ድምፃቸውን አሰምተው ስለ ሞቱትም ቢናገር ለንጉሡም ለመነኮሳቱም ታሪክ የሚገባቸውን ይሰጣል።